ያውቁ ኖሯል? በሆድ በኩል የሚገባው ስኳር

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደምን በሆድ በኩል የሚያጥበው ፈሳሽ ስኳር እንዳለበት ያውቁ ኖሯል? ፔሪቶኒያል ዲያሊሲስ በሚባለው በዚህ ሕክምና ፈሳሹ ከከረጢት በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ይገባል፤ ለሰዓታት ቆይቶ ቆሻሻውንና ትርፍ ውኃውን ይዞ ይወጣል። ውኃውን ከደም የሚስበው ግሉኮሱ ነው።



1.5 በመቶ የሚባለው ቀላሉ ፈሳሽ በ2 ሊትር ከረጢት 30 ግራም፣ 4.25 በመቶው ደግሞ 85 ግራም ግሉኮስ ይይዛል። ፈሳሹ በሆድ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ አብዛኛው ግሉኮስ ወደ ደም ይሰርጋል፤ ከረጢቱም ብዙውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ ይቀየራል። ታካሚው የስኳር ሕመምም ካለበት፣ ሻዩን ያለ ስኳር ቢጠጣ፣ ዳቦውን ቢቀንስም ስኳሩ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ሐኪሞች የኢንሱሊኑን መጠን የሚያስተካክሉት ይህንንም አስልተው ነው።

በግሉኮስ ምትክ አይኮዴክስትሪን ያለበት ፈሳሽም አለ። እሱም ጣጣ አያጣም፤ በሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ ማልቶስ ይሆናል፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠሩ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎችም ማልቶሱን ግሉኮስ ነው ብለው ይቆጥሩታል። ያንን ቁጥር አምኖ ኢንሱሊን የጨመረ ታካሚ ስኳሩ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድበት ይችላል። ይህን ፈሳሽ የሚጠቀም ሰው መለኪያው ማልቶስን ከግሉኮስ የሚለይ መሆኑን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቃል።