«እቤት ነው የወደቅሁት» ከማለትዎ በፊት

በሥራ ላይ የተጎዱ እናቶችና አባቶች ወደ ክሊኒካችን ሲመጡ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮ ይመጣል፤ በዕብራይስጥ የሚናገረውም እሱ ነው። አንድ ቀን በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ እናት የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጦ መጡ። አብሮ የመጣው የ13 ዓመት ልጃቸው «ወደቀች» አለን። እኛም «ወድቀዋል» ብለን ጻፍን። ሐኪሙም የእኛን ጽሑፍ አይቶ ያንኑ ጻፈ። የት ወደቁ? በስንት ሰዓት? ምን እየሠሩ? እኛ አልጠየቅንም፣ እሳቸውም አልተናገሩም።

ከሁለት ወር በኋላ ያ እጅ ስፖንጃ መያዝ አቃተው። ካብላኑም መጥራቱን ተወ። እኒህ እናት የወደቁት ከጠዋቱ 6 ሰዓት፣ በሚያጸዱት ሕንፃ ውስጥ፣ ራሳቸው ባረጠቡት ደረጃ ላይ ነበር። የሥራ ኃላፊው በዚያው ጠዋት በስልክ «እቤት ወደቅሁ በይ፣ አለዚያ ወረቀቱ ይበዛል» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ዝም አሉ። ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ ሲሄዱ ግን ፋይሉ የሚናገረው አንዲት ቃል ብቻ ሆነ፦ ወድቀዋል።

እኛ ነርሶች ነን፣ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን በኋላ ቢቱዋሕ ለኡሚም ሆነ የሥራ ፍርድ ቤቱ አገላብጠው የሚያዩት ወረቀት የሚጻፈው በእኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ግማሹ ጥፋት የእኛም እንደነበረ አውቀን ነው።

በመጀመሪያ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ በዕብራይስጥ «ተዑናት አቮዳ» የሚባለው፣ ምን እንደሚያካትት እንናገር። በሥራ ቦታ፣ በሥራ ምክንያት የሚደርስ አደጋ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ከቤት ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ የሚደርስም እንዲሁ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ መንሸራተትም ይቆጠራል። ልጅን ወደ መዋዕለ ሕፃናት አድርሶ ለመሄድ ከመንገድ ትንሽ ዘወር ማለት መብቱን አያጠፋም፤ ጠዋት ሁልጊዜ በሚጸልዩበት ምኩራብ ለጸሎት ማለፍም አያጠፋም። ገበያ ለመሄድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ዘወር ብለው ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ብዙ ሰዎች «እኔ እኮ በካብላን በኩል ነው የምሠራው» ወይም «እጅ በእጅ ነው የሚከፈለኝ፣ ትሉሽ የለኝም» ብለው መብት የሌላቸው ይመስላቸዋል። ስህተት ነው። አሠሪው ለቢቱዋሕ ለኡሚ ባይከፍልም እንኳ ተቀጣሪው ከሥራ ጉዳት መድን አይወጣም። ሥራው ላይ እንደነበሩ ማስረዳት ይከብዳል እንጂ መብቱ አለ። የእርጅና ኪትስባ እየተቀበሉ ጥቂት ሰዓት የሚሠሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም በሥራ ላይ ቢጎዱ መድን አላቸው። ይህን ስንነግራቸው የሚገረሙ አሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በሥራ ጉዳት ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው ቢቱዋሕ ለኡሚ «ድሜ ፕጊዓ» የሚባል የጉዳት ክፍያ ይከፍለዋል። ክፍያው እስከ 91 ቀን ይደርሳል። መጠኑ ከጉዳቱ በፊት በነበሩት 3 ወራት ከተገኘው ደመወዝ 75 ከመቶ ነው። አሰላሉ እንዲህ ነው፦ በወር 7,200 ሼቄል ያገኝ የነበረ ሰው የ3 ወሩ ድምር 21,600 ይሆናል። ይህ ለ90 ሲካፈል በቀን 240 ይሆናል፤ የዚህም 75 ከመቶ 180 ሼቄል ነው። ከሥራ የቀሩት ከ12 ቀን በታች ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት አይከፈሉም።

ስሌቱ የሚሠራው በተመዘገበው ደመወዝ ነው። ግማሹ በትሉሽ፣ ግማሹ በእጅ የሚከፈለው ሰው ሲጎዳ ይህን ይረዳዋል፤ ያ «ታክስ አይነካውም» ተብሎ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ በዚያ ቀን እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ታዲያ አሠሪው ለምን «እቤት ወደቅሁ በይ» ይላል? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ከጉዳቱ ክፍያ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ወጪ በመጨረሻ የሚያርፈው በአሠሪው ላይ ነው። ከዚያም በላይ ስለ ደህንነት አጠባበቅ ጥያቄ ይመጣል፦ ጫማ ተሰጥቷል ወይ? ደረጃው መብራት ነበረው ወይ? ስለዚህ ብዙዎቹ በደግ ቃል ይመጣሉ። «አንቺ ታመሽ ነው እንበል፣ ከሕመም ቀኖችሽ እከፍልሻለሁ» ይላሉ።

ይህ ቃል ሲሰሙት ደስ ይላል። በሕጉ መሠረት የሕመም ክፍያ ለመጀመሪያው ቀን ምንም፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው። ሙሉ ደግሞ ከ75 ከመቶ ይበልጣል። ስለዚህ «ምን ጎደለብኝ?» የሚል ሰው አይታማም። የሚጎድለው ግን ኋላ ነው። የሕመም ቀን የሚጠራቀመው በወር አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው፤ እስከ 90 ቀን ድረስ። እጅዎ ተሰብሮ ሁለት ወር ቢተኙ የዓመታት ክምችትዎን በሌላ ሰው ጥፋት ጨረሱት ማለት ነው። በሚቀጥለው ክረምት በሳንባ ምች ሲታመሙ ምንም አይቀርዎትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እጁ ሳይድን ሲቀር ነው። በሥራ ጉዳት የአካል ጉዳተኝነት መጠን 9 ከመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ከ20 በታች ሲወሰን የአንድ ጊዜ ክፍያ አለ፤ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ የወር ክፍያ ይኖራል። «እቤት ወደቅሁ» ያለ ሰው ይህ በር ተዘግቶበታል። ለማስከፈት ከራሱ ቃል ጋር መሟገት አለበት።

በክሊኒካችን በየቀኑ የምናየውን አንድ ነገር እዚህ እንጨምር። የእኛ ሰው ጨዋ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ሰላምታ ነው፣ መልስ አይደለም። ሐኪሙ ግን እንደ መልስ ይወስደውና «የተሻለ ስሜት አለው» ብሎ ይጽፋል። የሐኪሞች ኮሚቴው፣ «ዋዓዳ ረፉኢት» የሚባለው፣ ፋይሉን ሲያነብ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔርን ማመስገን ይቻላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን «ሌሊት ከሕመሙ የተነሣ አልተኛሁም፣ ድስት ማንሣት አልቻልኩም» ይበሉ።

ሌላም አለ። በአማርኛ «እጄን አመመኝ» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ሲተረጉም ወይም እኛ ስንቸኩል አንጓው ብቻ ይጻፋል። ከወር በኋላ ትከሻው ሲብስ «ይህ ከአደጋው ጋር አይገናኝም፣ በመጀመሪያው ቀን አልተጻፈም» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ በጣትዎ ያሳዩ። አንጓዬ፣ ክርኔ፣ ትከሻዬ፣ ወገቤ እያሉ አንድ በአንድ። ትንሽ የመሰለዎትንም አይተዉ።

ልጅን በአስተርጓሚነት ስለ መጠቀም የምንለው አጭር ነው። የ13 ዓመት ልጅ እናቱ በአለቃዋ መፍራቷን መተርጎም የለበትም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያደርሱ ግዴታ አለባቸው። በስልክም ቢሆን አማርኛ ተርጓሚ ይጠይቁ። ጠባቂ ሰው ተሰልፏል ብለው አያፍሩ። አማርኛ የምንናገር ነርሶች ካለንበት ክሊኒክ ደግሞ እኛን ያስጠሩን።

እንግዲህ የተጎዳ ሰው በዚያ ቀን ምን ያድርግ? ወዲያው ለኃላፊው ይንገር፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በዋትስአፕ ጭምር። በአማርኛ የተላከ የድምፅ መልእክትም ቀንና ሰዓት ይይዛል። አብሮ የነበረ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ይያዝ። ቦታውን ፎቶ ያንሣ። ከአሠሪው «ቶፌስ 250» የሚባለውን ቅጽ ይጠይቅ። ይህ ቅጽ ለኩፓት ሆሊም የሚሰጥ ነው፤ ሕክምናው እንደ ሥራ ጉዳት እንዲታይ የሚያደርግ እሱ ነው። ከዚያም ለሐኪሙ ወይም በሚዮን ለሚቀበለው ነርስ በግልጽ «የተጎዳሁት በሥራ ላይ ነው» ብሎ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን እየሠራ እንደነበረ ይናገር። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ ሳይቀበል አይውጣ። ሲወጣም የተጻፈውን ሰው ያንብብለት። ስህተት ካለ በዚያው ቀን ማረም ቀላል ነው።

አሠሪው 250ን አልሰጥም ካለስ? እምቢታው መብቱን አያጠፋም። በቀጥታ ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ ቅርንጫፍ መሄድ ወይም ወደ *6050 መደወል ይቻላል። የጉዳት ክፍያ መጠየቂያው «ቶፌስ 211» ይባላል፤ መቅረብ ያለበትም በ12 ወር ውስጥ ነው። አሠሪው «ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አስፈርሞዎት ከሆነም አይደንግጡ። በእርስዎና በእሱ መካከል የተፈረመ ወረቀት ቢቱዋሕ ለኡሚ የሚሰጠውን መብት አይሰርዝም። ያም ሆኖ ያላነበቡትን አይፈርሙ። «ወደ ቤት ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር አይደለም።

አንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ዓመት የሚመጣ ጉዳትም አለ። ሃያ ዓመት ጨርቅ የጨመቀ እጅ ሌሊት ይደነዝዛል፣ ጣቶቹ ይጠዘጥዛሉ። ተመሳሳይ እንቅስቃሴ በመደጋገም ብዛት የሚደርስ ጉዳት «ሚክሮትራውማ» ይባላል፤ በሥራ ፍርድ ቤቶችም ዘንድ የታወቀ ነው። ማስረዳቱ ከአደጋ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ለሐኪሙ «እጄ ይደነዝዛል» ብቻ አይበሉ። «በቀን ይህን ያህል ሰዓት እጨምቃለሁ፣ ይህን ያህል ክፍል እወለውላለሁ» ብለው ሥራውን ራሱን ይንገሩት፤ ይጻፈውም።

ቢቱዋሕ ለኡሚ ጥያቄውን ካልተቀበለ ደብዳቤ ይልካል። በዕብራይስጥ ስለሆነ ብዙ ቤት ውስጥ ሳይከፈት ይቀመጣል። ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት፣ «ቤት ዲን ለአቮዳ»፣ ክስ ማቅረብ ይቻላል። የሐኪሞች ኮሚቴ የወሰነው ከሆነ ግን የይግባኙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያጥራል፤ ስለዚህ የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ። ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሕግ እርዳታ ክፍል፣ «ሲዩዓ ሚሽፓቲት»፣ ከቢቱዋሕ ለኡሚ ጋር በሚደረግ ክርክር ነፃ ጠበቃ ይሰጣል። ከኮሚቴው በፊት ምክር ለሚፈልግ ደግሞ ቢቱዋሕ ለኡሚ ራሱ «ያድ መኻቬኔት» የሚባል ነፃ የምክር ማዕከል አለው። ይህን የምንናገረው በየመንደሩ እየዞሩ «መብትዎን እናስከብራለን» ብለው ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ድርሻ የሚያስፈርሙ ድርጅቶች ስላሉ ነው። ሁሉም መጥፎ ናቸው አንልም፤ ነገር ግን ነፃውን ሳይሞክሩ አይፈርሙ።

ከላይ ያነሣናቸው እናት ተመልሰው መጥተው እውነቱን ሲነግሩን የድሮውን ጽሑፍ መለወጥ አልቻልንም፤ የሕክምና ፋይል አይፋቅም። ያደረግነው በዚያ ቀን አዲስ ጽሑፍ መጨመር ነበር፦ በራሳቸው ቃል፣ ያለ ልጃቸው፣ በአማርኛ ጠይቀን፣ ያን ጊዜ ያልጠየቅናቸው መሆኑንም ጨምረን። በዚያ ጠዋት ባልዲውን ይዛ ከታች የነበረች የሥራ ባልደረባቸውም ያየችውን ጻፈችላቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ጥያቄያቸውን አስገብተዋል። አሁን አንድ ሰው ወድቆ ሲመጣ በክፍላችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት አመመዎት?» ሳይሆን «የት ነበሩ?» ነው።