ኃይልና ትእዛዝ በአንድ ሐዲድ፤ የጠረጴዛ ባቡር የገመድ ሥራ ለጋዝጊብላ ምን ያስተምራል?

ወልድያ አጠገብ ያለችው ሐራ ገበያ ለጋዝጊብላ ወረዳና ለመላው የዋግ ሕምራ ዞን ቅርብ ከሚባሉት የባቡር መዳረሻዎች አንዷ ናት። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እዚያ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግንባታውን የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀመረው። በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምርም ዓመታት አልፈዋል። ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሲመጣ ግን ሐዲዱን የሚፈትሽ፣ ገመዱን የሚያገናኝ፣ ብልሽቱ የኃይል ይሁን የመልእክት ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ መፈለጉ አይቀርም። ያ ባለሙያ ከአስከተማ ወይም ከሰቆጣ የማይወጣበት ምክንያት የለም።

ይህን እውቀት ለመጀመር ትልቁ ባቡር እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሜትር ትንሽ ሐዲድና ሁለት መስመር ገመድ ይበቃሉ። በዓለም ዙሪያ ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ባቡሮቻቸውን በዲጂታል መንገድ ለመቆጣጠር ገመድ ሲዘረጉ የሚገጥማቸው ጥያቄ ከትልቁ ባቡር መሐንዲስ ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል። ኃይሉ ሳይደክም እንዴት ሩቅ ይድረስ? ትእዛዙስ ሳይበላሽ እንዴት ይሰማ? ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ነጥብ አንድ ነው፤ በዲጂታል ባቡር ውስጥ እጅግ ወሳኙ ዕቃ ማንም የማያየው፣ ከጠረጴዛው ሥር የተዘረጋው ገመድ ነው።

ሐዲዱን ከማዘዝ ባቡሩን ወደ ማዘዝ

የቀድሞው አሠራር ቀላል ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ከዜሮ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ሲገለበጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ችግሩ ሁለተኛ ባቡር ሐዲዱ ላይ ሲወጣ ይጀምራል። አንዱ ሲሄድ ሌላውም ይሄዳል፣ አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል፤ ምክንያቱም የሚታዘዘው ሐዲዱ እንጂ ባቡሩ አይደለም። መፍትሔው ሐዲዱን በየቦታው ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገመድና ማብሪያ ማጥፊያ መስጠት ነበር። ባቡሩ ከክፍል ወደ ክፍል በተሻገረ ቁጥር ሰውየው ማብሪያውን ተከትሎ ይሮጣል።

ዲጂታሉ አሠራር ይህን ገለበጠው። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት አለ፤ በ1፡87 መጠን ለሚሠሩ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ 15 ቮልት አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ይቀመጣል። ዲኮደሩ ከሐዲዱ የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል፣ በኃይሉ ላይ የተጫነውን መልእክት ያነባል፣ ከዚያ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል። ዲሲሲ በሚል ስም የሚታወቀውን ይህን ዘዴ ያበለጸገው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ሲሆን፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጋራ መመዘኛ አድርጎ ተቀበለው። የአንዱ ኩባንያ ዲኮደር የሌላውን ኩባንያ ትእዛዝ የሚሰማው በዚህ መመዘኛ ምክንያት ነው።

መልእክቱ የሚጻፈው በጊዜ ነው። የትእዛዝ ጣቢያው፣ ማለትም ኃይሉንና ትእዛዙን ወደ ሐዲዱ የሚልከው መሣሪያ፣ የሁለቱን ሐዲዶች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በከፍተኛ ፍጥነት ያገለባብጣል። እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮ ሴኮንድ ከቆየ «አንድ» ይባላል፤ 100 ማይክሮ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ «ዜሮ» ይባላል። በዋግ ተራሮች ከሸለቆ ማዶ ላለ እረኛ መልእክት የሚያሰማ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ስቦ ይጣራል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ነገሩን ይናገራል። የዲሲሲ መልእክትም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ቢያንስ 14 ተከታታይ «አንዶች» ጆሮ ያስነሳሉ፤ ቀጥሎ የሎኮሞቲቩ አድራሻ ይመጣል፤ ከዚያ ፍጥነቱና አቅጣጫው ይነገራል፤ በመጨረሻ ከአድራሻውና ከትእዛዙ የተሰላ ማረጋገጫ ይላካል። ዲኮደሩ ራሱ አስልቶ ያገኘው ማረጋገጫ ከደረሰው ጋር ካልገጠመ መልእክቱን ይጥለዋል። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ስለሆነ፣ ሁለት አዳዲስ ሎኮሞቲቮች አድራሻ ሳይቀየርላቸው ሐዲድ ላይ ከወጡ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። አንድ መልእክት 6 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ስለሚወስድ በሴኮንድ ከ100 በላይ መልእክቶች ማስተላለፍ ይቻላል።

ኃይሉ ሲታመም ትእዛዙም ይታመማል

ዲጂታል ሲባል ብዙ ሰው ገመድ የቀነሰ፣ ስለዚህ የገመድ ጥንቃቄም የቀነሰ ይመስለዋል። የገመዱ ብዛት በእርግጥ ይቀንሳል፤ ጥንቃቄው ግን ይጨምራል። በቀድሞው አሠራር ደካማ ገመድ የሚያስከትለው ባቡሩ ሩቅ ሲደርስ መቀዝቀዙን ነበር። በዲጂታሉ ግን ኃይልም ትእዛዝም በዚያው ገመድ ስለሚጓዙ፣ ደካማ መገናኛ ባቡሩን ከማቀዝቀዝ አልፎ መስማት ይነሳዋል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለቤት ሶኬት የምንዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ በአንድ ሜትር ወደ 0.0074 ኦም ተቃውሞ አለው። ባቡሩ ከትእዛዝ ጣቢያው 10 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 20 ሜትር ገመድ ነው፤ ተቃውሞው 0.15 ኦም ገደማ ይሆናል። 5 አምፔር ሲያልፍበት በመንገድ የሚቀረው 0.74 ቮልት ብቻ ነው። በዚያው ርቀት ቀጭን ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ብንዘረጋ ግን ተቃውሞው 0.7 ኦም ይደርሳል፤ የሚቀረውም 3.5 ቮልት ነው። ከ15 ቮልት ላይ ሩብ የሚጠጋው በመንገድ አለቀ ማለት ነው።

የሚብሰው አደጋ ሌላ ነው። ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኝ፣ ማለትም ሾርት ሲያደርግ፣ ከ5 አምፔር በላይ እንዳይሰጥ የተሠራ የትእዛዝ ጣቢያ አደጋውን የሚያውቀው ኤሌክትሪኩ በድንገት ከዚያ ወሰን ሲያልፍ ነው። ቀጭን ገመድ፣ የላላ መገጣጠሚያና ረጅም ሐዲድ ተደማምረው 3.5 ኦም ተቃውሞ ከፈጠሩ ግን በሾርቱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከ4.3 አምፔር አይበልጥም። ጣቢያው ምንም አልጠረጠረም፤ 64 ዋት ያህል ኃይል ግን በገመዱ፣ በመገጣጠሚያውና በመንኮራኩሮቹ ላይ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው። ይህ ሙቀት ፕላስቲክ ያቀልጣል። ወፍራም ገመድ የሚመረጠው እንግዲህ ባቡሩ እንዲፈጥን ብቻ ሳይሆን ጥበቃው እንዲሠራም ነው።

ትልቁም ባቡር በዚሁ ሕግ ነው የሚገዛው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከአንድ ዓመት በኋላ የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር፣ እንዲሁም የአዋሽ–ሐራ ገበያው መስመር ለ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የተሠሩ ናቸው። አንድ ሜጋ ዋት ኃይል ለማድረስ በ750 ቮልት 1,333 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ25,000 ቮልት ግን 40 አምፔር ይበቃል። ገመዱ አንድ ዓይነት ቢሆን በመንገድ የሚባክነው ኃይል በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ ልዩነቱ ከ1,100 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የከተማው ባቡር በአጭር በአጭር ርቀት የኃይል ማከፋፈያ ይፈልጋል፤ ረጅሙ መስመር ግን አራርቆ ያስቀምጣል። የጠረጴዛው ባቡር ቮልቱ ከሁሉም ዝቅተኛ ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ በቅርብ በቅርብ ርቀት መመገብ አለበት።

ከጠረጴዛው ሥር

የሚመከረው አሠራር እንዲህ ነው። ከትእዛዝ ጣቢያው የሚነሱ ሁለት ወፍራም ገመዶች፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር፣ ሐዲዱን ተከትለው ከጠረጴዛው ሥር ይዘረጋሉ፤ ይህ ዋናው መስመር ነው። ለአነስተኛ ሥራ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ከዋናው መስመር ወደ ሐዲዱ የሚወጡ አጫጭር መጋቢ ገመዶች በየአንድ ወይም ሁለት ሜትሩ ይበየዳሉ። መጋቢዎቹ ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ርዝመታቸው ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ይህ ሁሉ መጋቢ የሚያስፈልገው ሞዴል ሐዲድ በአብዛኛው የሚሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ነው፤ ቅይጡ ኤሌክትሪክን የመቃወም ጠባዩ ከንጹሕ መዳብ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ሐዲድን ከሐዲድ የሚያያይዙት ትንንሽ ቆርቆሮዎችም በጊዜ ብዛት ይላላሉ፣ ይዝጋሉ። ሐዲዱን መንገድ እንጂ ገመድ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ሥራው በቅደም ተከተል ከተሠራ ስሕተት አይደበቅም። አንድ መጋቢ በተበየደ ቁጥር ቴስተሩ በድምፅ መለኪያው ላይ ተደርጎ ሁለቱ ሐዲዶች ይነካሉ፤ ከጮኸ ቀዩና ጥቁሩ የሆነ ቦታ ተገናኝተዋል፤ ጥፋቱም አሁን የተበየደው መጋቢ ላይ ነው። ሃያ መጋቢ ከበየደ በኋላ መፈተሽ የጀመረ ሰው ግን ሃያውንም መፍታት ሊኖርበት ነው። ሁሉም አልቆ ኃይል ሲለቀቅ የመጨረሻው ፈተና ይመጣል። ባለ አንድ ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ይጋደማል። የትእዛዝ ጣቢያው ወዲያውኑ ኃይል ማቋረጥ አለበት። ይህ ፈተና በየሜትሩ ይደገማል፤ ጣቢያው ዝም ያለበት ቦታ መጋቢ የጎደለበት ወይም ብየዳው የተበላሸበት ነው።

ሁለት ቦታዎች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ሐዲዱ ዞሮ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቀለበት ነው፤ እዚያ ቀዩ ሐዲድ ከጥቁሩ ጋር ተገናኝቶ ሾርት ይሆናል። በቀለበቱ ክፍል ሁለት ጫፎች ላይ ሁለቱም ሐዲዶች ይቆረጣሉ፣ ክፍሉም በፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገልባጭ መሣሪያ በኩል ይመገባል፤ የክፍሉ ርዝመትም ከረጅሙ ባቡር መብለጥ አለበት። የዲኮደሩ ጥቅም እዚህ ይታያል፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ስለሚያቀናው ሐዲዱ ሲገለበጥ ባቡሩ ምንም ሳይሰማው ጉዞውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ሐዲድ ለሁለት የሚገነጠልበት ቦታ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች እርስ በርስ የሚተላለፉበት ብረት ባቡሩ በሄደበት አቅጣጫ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆን ስላለበት ከመገንጠያው ጋር አብሮ የሚቀየር ማብሪያ ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ዲኮደር የሌለው የቀድሞ ሎኮሞቲቭ በዲጂታል ሐዲድ ላይ ከቆመ ሞተሩ ይንጫጫል፣ ይግላል፤ አንዳንዱ ዓይነት ሞተር በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። የድሮውን መቆጣጠሪያና ዲጂታሉን ጣቢያ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሐዲድ ጋር ማገናኘትም ሁለቱንም ሊያበላሽ ይችላል።

ለጋዝጊብላ የሚሆን

የአዋሽ–ሐራ ገበያን መስመር ሙሉውን በ1፡87 ብንሠራው ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይጠይቃል። ማንም ያን አያስብም። አንድ ጣቢያ፣ አንድ መገንጠያና አንድ ቀለበት ያለው ሦስት ሜትር ጠረጴዛ ግን ከላይ የተባለውን ሁሉ ያስተምራል። ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ የዛሬዎቹን የአገራችንን ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲዶች በትክክል ይወክላል።

መብራት መጥፋቱም ሥራውን አያስቆምም። ዲሲሲ-ኢኤክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አርዱዊኖ በሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና በሞተር ማንቀሳቀሻ ላይ ተጭኖ የትእዛዝ ጣቢያ ይሆናል፤ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ተማሪው መልእክቱ እንዴት እንደሚጻፍ ገልጦ ያያል። 2 አምፔር ገደማ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ በ12 ቮልት የፀሐይ ባትሪ 24 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ለሁለት ሰዓት ትምህርት 48 ዋት ሰዓት ማለት ነው። 50 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ሸክሙ ቀላል ነው። ቮልቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባቡሮቹ ትንሽ ይዘገያሉ፤ ለትምህርት ጉዳት የለውም። ከባትሪው አፍ ላይ ግን ፊውዝ መግባት አለበት፤ ባትሪ በሾርት ጊዜ የሚለቀው ኤሌክትሪክ ገመድ ለማቃጠል ይበቃል።

የፊዚክስ መምህራን፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ከዋግ ወጥታችሁ በውጭ የምትኖሩ የሙያ ሰዎችም፣ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ጠረጴዛ ማሰናዳት ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ስታሰናዱ አንድ ነገር ጠብቁ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለዋናው መስመር፣ ለመጋቢዎቹ፣ ለብየዳውና ለቴስተሩ ይዋል፤ ባቡር መጀመሪያ ላይ አንድ ይበቃል። በጀት ካጠረ ባቡሩን ቀንሱ፣ ገመዱን ግን አታሳንሱ።