ስለ ማንታ ዓሣና ስለ ቢጫ አፍንጫ አልባትሮስ፤ ጥፋታቸው አንድ ሲሆን መከላከያው ሁለት ስለ መሆኑ

ከባሕር ፍጥረቶች መካከል መልካቸውና ኑሯቸው ፍጹም ተለያይቶ ሳለ አንድ ዓይነት ጥፋት የሚያሠጋቸው ሁለት አሉ። አንደኛው የውቅያኖስ ማንታ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ሁለተኛውም ቢጫ አፍንጫ አልባትሮስ የተባለው የደቡብ አትላንቲክ ወፍ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ጽፏቸዋል።

ማንታ ክንፍ በሚመስለው ጐኑ ወርዱ እስከ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ዳሩ ግን የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረቶች ነው። ሴቲቱ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ዳግመኛም እስክትወልድ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። አልባትሮስም ጎጆውን የሚሠራው በትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴቶችና በጐፍ ደሴት ብቻ ነው፤ ሴቲቱም በዓመት ከአንድ እንቍላል በላይ አትጥልም። ጫጩቱም አድጎ ለመራባት 10 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ጤፍ በአንድ ክረምት ይተካል፤ ዶሮም በዓመት ብዙ ጫጩት ትፈለፍላለች። እነዚህ ሁለቱ ግን ቍጥራቸው አንድ ጊዜ ከጐደለ፥ ጉድለቱ የሚሞላው በብዙ ዘመን ነው።

የሞታቸው ምክንያት ግን አይመሳሰልም። ማንታው ተፈልጎ ይገደላል፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ደርቆ በእስያ ገበያ በመድኃኒት ስም ይሸጣልና። ሳይታሰብ በመረብ የገባውም ቢሆን ዋጋ ስላለው ብዙ ጊዜ አይለቀቅም። ወፉን ግን የሚፈልገው የለም፤ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ከመርከብ ወደ ባሕር ሲጣል፥ በመንጠቆው የተሰካውን መብል ለመንጠቅ ይወርዳል፤ ተይዞም ይሰጥማል።

ስለዚህ ኢንዶኔዥያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ማንታ ማጥመድን በግዛቷ ሁሉ ከለከለች። ናሚቢያ ግን ማጥመዱን ሳትከለክል፥ በ2015 ባለ መንጠቆ ገመድ የሚጥሉት መርከቦች ወፍ የሚያስፈራ ጥብጣብ ያለበት ሌላ ገመድ ከኋላቸው እንዲጐትቱ አዘዘች፤ ሄክ የተባለውን ዓሣ በሚያጠምዱት በእነዚህ መርከቦች የሚሞቱት የባሕር ወፎችም ከመቶ 98 ያህል ቀነሱ።

እንግዲህ አንድ ሹም ስለ አውሬ፥ ስለ ዓሣ ወይም ስለ ወፍ ደንብ ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገር መመርመር ይገባዋል፤ የሞተው በስንት ዓመት ይተካል? የሚሞተውስ ተፈልጎ ነው ወይስ ሳይታሰብ? ሳይፈለግ ለሚሞተው ገበያ መዝጋት አይጠቅመውም፤ ተፈልጎ ለሚሞተውም መሣሪያ ማሻሻል ብቻ አይበቃውም።