የግቢ መብራት፦ በ12 ቮልት ወይስ በ220?

ክረምቱ ሊገባ ሲል አምቦ የምትኖረው አዳዳ፣ ማለትም የአባቴ እህት፣ ደወለችና «ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ? ና ወጪ አስላልኝ» አለችኝ። የቤቷን ጓሮ አጽድታ፣ ጠረጴዛ ደርድራ፣ ማታ ማታ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡና ታፈላለች። ሲመሽ ግን ግቢው ድቅድቅ ጨለማ ነው።

የሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ገመድ ስቦ በቆርቆሮው አጥር ላይ አሥር አምፖል ሊደረድርላት ተስማምቷል። እኔ ስደርስ ሁለቱ ተሰቅለዋል። ገመዱ መሀል ላይ ተቀጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ የውሃ ጎማ ተዘርግቷል። አትክልቱን የሚያጠጣው ትንሹ ልጇ ነው፣ ያውም በባዶ እግሩ። «ትናንት አጥሩ ነዘረኝ» ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። ከጊንጪ እስከ ጉደር ማታ ስታልፉ እንዲህ ያለ ገመድ በየጓሮው ካፌ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ።

«ብሬከር አለው እኮ» አለ ባለሙያው። አለው። ግን ተራ ብሬከር የሚወርደው ገመዱ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። ባለ 10 አምፔር ብሬከር በሰው አካል አልፎ ወደ መሬት የሚሄድን ከረንት አያየውም፤ ሰው ለመግደል ደግሞ የአንድ አምፔር ቅንጣቢ ይበቃል። ይህን የሚይዘው በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት የሚያቋርጠው ዓይነት ነው። በ12 ቮልት መስመር ግን እርጥብ ሣር ላይ የቆመ ልጅ ገመዱን ቢነካ እንኳ የመጎዳት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ስለዚህ 12 ይሁን አልኩ። ባለሙያው «ጫፍ አይደርስም፣ ይደክማል» ብሎ ሳቀብኝ። ስሌቱን ስሠራው ልክ ነበር። ባለ 5 ዋት 10 አምፖሎች 50 ዋት ናቸው። በ220 ቮልት ሩብ አምፔር እንኳ አይሞሉም፤ በ12 ቮልት ግን ከ4 አምፔር በላይ ይስባሉ። ሁሉም 30 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው ብንል፣ በተለመደው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከ12ቱ ቮልት 3ቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሕዳሴ ግድብ ተነስቶ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚገባው መስመር 500 ኪሎ ቮልት የሆነውም ለዚሁ ነው፦ ቮልቱ ከፍ ሲል ከረንቱ ያንሳል፣ የሚባክነውም ያንሳል። እኛ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ልናደርግ ነው።

መፍትሔው ወፍራም ሽቦ ነው። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ብክነቱ ወደ 1 ቮልት ግድም ይወርዳል። ይሄ ገንዘብ ነው። ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ርካሽ ገመድም አለ፤ ጫፉን ሳትፍቁ አትግዙ።

«ታዲያ ቆጣሪ ይቆጥብልኛል?» አለች አዳዳ። አይቆጥብም! ብዙ ሰው 12 ቮልት ሲባል ቢሉ የሚቀንስ ይመስለዋል። 50 ዋት በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በሁለቱም በወር 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። (እንዲያውም ቮልቱን የሚያወርደው ሣጥን ራሱ ትንሽ ይበላል።)

እሷን ያሳመናት ሌላ ነገር ነው፦ መብራት ሲሄድ። በ12 ቮልት መስመር ላይ ባትሪ ያለ ኢንቨርተር ይገባል። ባለ 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም 5 ሰዓት ያህል ያበራል። ነገ ጣሪያው ላይ ሶላር ብታስቀምጥም መስመሩ ያው ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሒሳብ ሳይከፍል ውልቅ የሚል ደንበኛ ስላለ፣ ይህን ለማስላት እኔ አላስፈለግኳትም።

ሁሉንም ግን 12 አላደረግንም። የውጭ በሩ ከቤቱ 50 ሜትር ይርቃል፣ እዚያ የሚያስፈልገው ፓውዛ ነው። እሱ በ220 ሆኖ ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ተቀበረ፣ የብረት አካሉም ከመሬት ሽቦ ጋር ተያያዘ። አጥሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ አምፖሎች ወረዱ። ቮልት አውራጁን ሣጥን ከዝናብ አርቀን ቤት ውስጥ ሰቀልነው።

ወጪው ሲደመር ሽቦው ከአምፖሎቹ በለጠ። አዳዳ ለጎረቤት «ኢኮኖሚስቱ አከሰረኝ» እያለች ነው። ባለ 30 ሚሊ አምፔሩ ብሬከር ገና ስላልተገዛ ፓውዛው አልተለኮሰም፤ የውጭውን በር ማታ የምንከፍተው በስልክ መብራት ነው።