ተጨማሪ መረጃ፦ የአንድ ቀን አበባ

ለአጥር የሚተከለውን ባለ ቀይ አበባ ሂቢስከስ ታውቁት ይሆናል። ከጥጥ፣ ከባሚያና ከከርከዴ ጋር ቤተሰቡ አንድ ነው። አበባው ጠዋት ይፈነዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ጠውልጎ ይረግፋል። ቁጥቋጦው ግን ባዶውን አይቀርም፤ አዲስ በሚያድገው ቀንበጥ ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ጉያ፣ ሌላ እምቡጥ ይተካል። አጥሩን በየጊዜው በመቀስ የሚከረክም ሰው አበባ የሚያጣው ለዚህ ነው፤ ቀንበጡን ሲቆርጥ እምቡጡም አብሮ ይሄዳል።

አንዳንድ ዕፅዋት የሚያብቡት የቀኑን ርዝመት ተከትለው ነው። ይህ ባሕርይ ፎቶፔሪዮዲዝም ይባላል። በሰሜን ኢትዮጵያ በምትገኘው ይፋግ ቀኑ በሰኔ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያጥራል። ከርከዴ ቀኑ ሲያጥር ያብባል። ብርድ የሚችለው የሰሜን አሜሪካ ሂቢስከስ በተቃራኒው ረጅም ቀን ይሻል፤ በበረዶው ወራት እስከ መሬት ደርቆ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። የአጥሩ ሂቢስከስ ለቀኑ ርዝመት ብዙም ደንታ የለውም፤ ሙቀትና ውሃ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ያብባል።

ሞክሩ፦ አንድ እምቡጥ አጠገብ ክር እሰሩ፤ የፈነዳበትንና የረገፈበትን ቀንና ሰዓት መዝግቡ።