አንኮበር፦ የሸዋ ነገሥታት የገደል አፋፍ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ለ40 ኪሎ ሜትር ያህል የገብስና የባቄላ ማሳ እየከፈለ፣ ነፋስ በማያጣው ደጋ ላይ ይዘልቃል። ጋቢ የደረበ እረኛ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ፣ የበግ መንጋ፤ ከዚህ ሌላ ብዙ የሚታይ የለም። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከፊት ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ተረተሩ እየተደራረበ ቁልቁል ይወርድና ከአፋር ሜዳ ይገባል። ሰማዩ የጠራ ዕለት የቆላው መሬት ከሩቅ ይታያል፤ ጉም የወጣ ዕለት ግን አጠገብ ያለውን ሰው መለየትም ይቸግራል። አንኮበር የተቀመጠችው በዚህ ቁልቁለት ትከሻ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው።

በአንኮበርና በዙሪያዋ የሚጎበኘው ሁሉ፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ገበያውም፣ ወፊቱም፣ ያለ ገደሉ ትርጉሙ አይገባም።

የሸዋ መሳፍንት መጀመሪያ የነበሩት በመንዝ ነው። ኃይላቸው ሲጠነክር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየገፉ መጡ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን በአምኃ ኢየሱስ ጊዜ አንኮበር መናገሻቸው ሆነች። ቦታው የተመረጠው በውበቱ ብቻ አልነበረም። ከባሕር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ አፋርን አቋርጦ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በዚሁ ዳገት ስለነበር፣ አንኮበርን የያዘ ሰው ጨውንም፣ ጨርቁንም፣ ጠመንጃውንም በእጁ ያስገባል። ከታች ለሚመጣ ጠላት ደግሞ ዳገቱ ራሱ ምሽግ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በሸዋ የነገሡት ሣህለ ሥላሴ ይህን ጥቅም ከማንም በላይ ያወቁ ይመስላል። አንድ ጊዜ በአንኮበር፣ አንድ ጊዜ በአንጎለላ፣ አንድ ጊዜ በደብረ ብርሃን ይቀመጡ ነበር። የውጭ አገር መልእክተኞች ግን በብዛት የሚወጡት በአንኮበር ዳገት ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ሻለቃ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በበረሃው አቋርጦ መጣ። ለንጉሡ ካቀረበው ገጸ በረከት አንዱ 300 ጠመንጃ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ሸዋ አስተዳደርና ኑሮ በብዛት ከሚጠቀሱት ምንጮች አንዱ ነው። በሥልጣኔ ማማ ላይ እንደ ቆመ ሰው ቁልቁል እያየ የጻፈው ብዙ ነገር ስላለ ግን እየለዩ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ተወስደው በመቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ሲመለሱ በአባቶቻቸው ዙፋን ተቀመጡ። አድዋ ላይ የዘመተው መንግሥት የተጠነሰሰው በዚህ ዳገት አካባቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ የምኒልክ አማካሪ የሆነው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አገልግሎቱን የጀመረውም አንኮበር ደርሶ ነው።

ዛሬ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶችና ገበያው ያሉበት ከተማ ጎረቤላ ይባላል። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ለብቻው ወጣ ያለ፣ በዛፍ የተሸፈነ ሾጣጣ ጉብታ ነው። ከቀድሞው ግቢ የተረፈው ጥቂት የኖራ ግንብ ብቻ ሲሆን፣ በቦታው የጥንቱን አዳራሽ መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ ቆሟል። ወደ ላይ የሚወስደው በደረጃና በቀጭን መንገድ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ፍርስራሹ ብቻውን ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። እዚያ ቆሞ አራቱንም አቅጣጫ ማየት ግን ነገሩን ሁሉ ግልጽ ያደርገዋል፦ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳይታይ አያልፍም። በዙሪያው የቅዱስ ሚካኤል፣ የማርያምና የመድኃኔዓለም አብያተ ክርስቲያናት በጽድና በወይራ ተከበው ይገኛሉ።

ከኮረብታው ቁልቁል አልዩ አምባ አለች፤ የሲራራ ነጋዴው ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍባት የገበያ ከተማ። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፤ የአርጎባ ሕዝብ በአካባቢው እስከ ዛሬ ይኖራል። ከሐረርና ከታጁራ የመጣው ነጋዴ ጨርቅና ከአሳል ሐይቅ የተዛቀ ጨው ያራግፋል፤ ሲመለስ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ከዚህም ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎችን ይዞ ይወርዳል። የአንኮበርን ክብር የሚተርክ ሁሉ ይህንንም መተረክ አለበት፤ የቤተ መንግሥቱ ገቢ ከዚያ ገበያ ተነጥሎ አይታይም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በንዳድ እየተሠቃየ የተቀመጠው በዚችው ከተማ ነው። በዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ያተኮረው መጽሐፉ፣ ከሃሪስ ይልቅ ለተራው ሰው የቀረበ ነው።

ዳገቱ የሳበው ነጋዴንና ዲፕሎማትን ብቻ አይደለም። የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ሲደርስ፣ ምኒልክ ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው በልጥ ማረፊያ ቦታ ሰጡት። መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በወፍ ጥናት የታወቀ ሽማግሌ ነበር። በሸዋ የሰበሰባቸው የወፍ ናሙናዎች ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክር ተላኩ፤ እሱ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ።

እንዲህ ያለ የወፍ ሊቅ ዓመታት ቢቀመጥበትም ገደሉ አንድ ነገር ሸሽጎ አቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወፍ ተመራማሪው ጆን አሽ ከአንኮበር በላይ ባለው አፋፍ ላይ ለሳይንስ ያልታወቀች ትንሽ ወፍ አገኘ፤ በ1979ም የከተማዋን ስም ሰጥቶ በጽሑፍ አስተዋወቃት። የአንኮበር ሰሪን ቡናማ፣ ጥቁር ጭረት የበዛባት፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ዘር ለቃሚ ናት። መንጋ ሆና ከሣሩ ትለቅማለች፤ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ በገደሉ ጠርዝ ተወርውራ ትሰወራለች። ለዓመታት በዚህ አፋፍ ብቻ የምትኖር ይመስል ነበር፤ ኋላ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮችም ታይታለች። ከዓለም ዙሪያ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሥተው አፋፉ ላይ የሚቆሙት እሷን ፍለጋ ነው።

እነዚሁ ሰዎች በዚያው ቀን ቁልቁለቱን ወርደው ወደ መልካ ጀብዱ ያመራሉ። እዚያ በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ ሌላ ዘመዷ አለች፤ ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት ያላት። ይህች እ.ኤ.አ. በ1888 ከሸዋ በተላኩ ናሙናዎች ከታወቀች በኋላ መቶ ዓመት ያህል የት እንደገባች ሳይታወቅ ቆይታ፣ በ1989 እንደገና ታየች። ደጋንና በረሃን የሚያገናኝ አንድ ዳገት፣ ሁለት ብርቅ ወፎች፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ከበቂ በላይ ነው።

በአፋፉ ላይ ወፏን ያጣ ሰው ጭላዳዎችን አያጣም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት እነዚህ የሣር በሊታዎች ቀኑን ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ነብር በማይደርስባቸው የገደል ከንፈሮች ላይ ለመተኛት ይወርዳሉ።

አንኮበር መናገሻነቷን ያጣችበት ጊዜ በአንድ ሰው ጉዞ በደንብ ይታያል። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ በአራት ወር ጉዞ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ። ምኒልክን ግን አላገኛቸውም፤ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ እንጦጦ ተዛውሮ ነበር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። በኋላ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በድሬዳዋ በኩል ተዘርግቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ንግዱ የድሮውን ዳገት ተወው።

ጊዜ ያለው ጎብኚ በአንኮበር ብቻ ባይወሰን ይመረጣል። በጣርማ በር አቅጣጫ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ በየከፍታቸው የበቀሉበት፣ በሰሜን ሸዋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ መንዝ ጓሳ ይገኛል። ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት ይህ የሣር ሜዳ የተጠበቀው በፓርክ ሕግ ሳይሆን፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በኖረው ቄሮ በተባለ የሕዝቡ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈት ሁሉም ለቤቱ ክዳን ያጭዳል፣ ከብቱንም ያሰማራል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። አገር በቀል አስተዳደር ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት ከጓሳ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ለጉዞው የሚመቸው ከክረምቱ በኋላ ያለው በጋ ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ለአፋፉና ለኮረብታው፣ አንድ ቀን ለአልዩ አምባና ለቆላው መመደብ ይበቃል። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደብረ ብርሃን ላይ ይጠይቁ፤ እዚያም ሲደርሱ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ይዘው ይውጡ፣ የድካሙንም በአግባቡ ይክፈሉት።