የኤዲሰን የትውልድ ቤትና የእናቱ ትምህርት

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታዋቂው የፈጠራ ሰው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 የተወለደው እዚች ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ ያሠራው የጡብ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

ቤቱ የባለጸጋ ቤት አይደለም። ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ ከፊት ሲያዩት አነስ ይላል፤ ወጥ ቤቱ ከሥር ነው። ልጁ የተወለደባት ክፍልም ጠባብ ናት። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ሲሆን፣ ከታላላቆቹ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተዋል።

የሚገርመው ሌላ ነው። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1906 ቤቱን የራሱ አደረገ። በ1923 ለመጨረሻ ጊዜ ሊጎበኘው ሲመጣ ግን ቤቱ ገና በኩራዝና በሻማ ይበራ ነበር! በ1882 የኒውዮርክን ሰፈር በኤሌክትሪክ ያበራው ሰው በገዛ ቤቱ ይህን አየ። ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ በ1947 ነው።

ሚላን በቦይዋ በኩል እህል እየጫነች የበለጸገች ከተማ ነበረች። የባቡሩ ሐዲድ በሌላ በኩል ሲያልፍ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ቤተሰቡም በ1854 ወደ ሚሺጋን ግዛት፣ ወደ ፖርት ሂውረን ሄደ። ቶማስ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባው እዚያ ነው። የቆየው ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። መምህሩ ጭንቅላቱ የዞረበት ልጅ ነው ሲል ቶማስ በጆሮው ሰማ፤ እያለቀሰ ለእናቱ ነገራት። ናንሲ ኤዲሰን ቀድሞ መምህርት ነበረች። ተቆጥታ ሄዳ ከመምህሩ ጋር ተከራከረች፤ ልጇንም አውጥታ ቤት ውስጥ ታስተምረው ጀመር። የፊዚክስ መጽሐፍ ሰጠችው፤ እሱም በውስጡ ያሉትን ሙከራዎች በእጁ እየሠራ ፈተሻቸው።

በየስብሰባው የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። መምህሩ ልጁን የሚያዋርድ ደብዳቤ ላከ፤ እናቱ ግን «ልጅሽ ሊቅ ነው ይላል» ብላ አነበበችለት ይባላል። ይህ ማስረጃ የለውም። ወላጆችም ሆንን መምህራን ለልጆች ባንነግራቸው ይሻላል፤ ለበጎ ነው ተብሎ ውሸት አይወደድምና። ደግሞም እውነተኛው ታሪክ ይበልጣል። ልጁ ስድቡን ሰምቷል፤ እናቱ የመለሰችለት በማባበያ ሳይሆን ዓመታት በፈጀ ትምህርት ነው። «ደደብ» የምትለዋን ቃል በየቀኑ የሚሰሙ ልጆች በየቤታችንና በየመድረሳችን ስንት ናቸው?

ኤዲሰን አምፖልን ብቻውን ፈለሰፈ የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በእንግሊዝ ጆሴፍ ስዋን በዚያው ዘመን ይሠራ ነበር፤ ኤዲሰንም ብዙ ረዳቶች ነበሩት። በ1877 የሠራው ፎኖግራፍ ግን ከሁሉ ያስደንቃል። ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማው ይህ መሣሪያ የተሠራው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በከበደ ሰው ነው። ድምፁን አጥርቶ ለመስማት እንጨቱን በጥርሱ ይነክስ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ለባሪያው አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል።

ከዚያ መሣሪያ ሸክላ መጣ፤ ከሸክላም በኋላ ካሴት። እ.ኤ.አ. በ1961 በግብፅ የታላቁ ቃሪእ የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ የቁርኣን ቲላዋ በሸክላ ተቀርጾ ወጣ። ማየት የተሳነው ሐፊዝም ሆነ ማንበብ የማትችል እናት ከዚያ ወዲህ ቁርኣንን ከአፉ ያህል እየሰሙ ይከተላሉ።